ይቅር የተባለ ነገር

ባሕር ዛፍ ክፉ ዛፍ መሆኑን የነገረችኝ ልጄ ዳርቱ ናት። ውሃ ያለ ልክ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም፣ ዝናብ ሲመጣ አፈሩን የሚይዝለት የለም አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔም ዓይን አለኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከዛፉ ሥር ስመላለስ ከደረቅ ቅጠል በቀር የረገጥኩት ነገር የለም። ግን ደብተር የገዛላት ይኸው ክፉ ዛፍ ነው። ዩኒፎርሟን ያሰፋላት፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ብርድ ልብስ ያስያዛት እሱ ነው። ክፋቱን እስክታውቅ ድረስ ከፍሎ ያስተማራት ራሱ ዛፉ ነው። ይህን አንድ ቀን ብነግራት «እማዬ፣ እሱን መቼ ካድኩ?» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ አላነሣሁባትም።

ስሜ ዘቢደር ነው። ቤታችን ከወሰን ሰፈር ሽቅብ፣ ሚኒባሱ ከሚቆምበት አልፎ፣ የድንጋዩ መንገድ አልቆ እግር ብቻ በሚወጣበት የእንጦጦ ወገብ ላይ ነው። ባሌ ዱሬሳ ገበሬ ነበር። ታች ሜዳው ላይ ከአባቱ የወረሰው የጤፍ መሬት ነበረው። ከተማው ሰፍቶ መጣና ሜዳውን ወሰደው፤ ዛሬ ጋራዥና ባለ ፎቅ ቤት ቆሞበታል። አቀበቱን ግን የፈለገው ሰው አልነበረም። ፍየል እንኳ አስባ የምትረግጠው ገደል ነው። ዱሬሳ እሱ ላይ ባሕር ዛፍ ተከለበትና ከዚያ ወዲያ እርሻችንም ጡረታችንም እሱ ሆነ። በየጥቂት ዓመቱ የአጣና ነጋዴ ይመጣል፤ ይቆረጣል፤ ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ዱሬሳ ሲያሞግሰው «አንገቱን ቢቆርጡት ተመልሶ የሚመጣ ዘመድ ከዚህ ሌላ የለኝም» ይል ነበር። እኔ ምላሴ ትንሽ ይረዝማልና «እኔን ብትቆርጠኝ አላቆጠቁጥም፤ እወቀው» እለዋለሁ። ይስቃል። ያኔ ቤታችን ሳቅ ነበረበት።

ነገሩ የተጀመረው የአሳየች ልጅ የሞተች ጊዜ ነው። አሳየች ከእኛ በታች፣ ሸለቆው አፋፍ ላይ በሠራቻት የጭቃ ቤት የምትኖር የቀን ሠራተኛ ናት። ነሐሴ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ተቀደደ። ከላይ ከዛፎቻችን ሥር የሚይዘው ያጣ ጎርፍ ቅጠሉንም አፈሩንም ድንጋዩንም ሰብስቦ መጣና የአሳየችን ግድግዳ ይዞ ሄደ። ልጅቷ ገና ዳዴ ትል ነበር። ሰዉ ሁሉ አካፋና ዶማ ፍለጋ ሲሯሯጥ ዳርቱ በባዶ እጇ ጭቃውን መቧጠጥ ጀመረች። ያገኘቻትም እሷ ናት። አቅፋ አወጣቻት፤ ፊቷን በነጠላዬ ጫፍ ጠርጋ ለእናቷ ሰጠቻት። የዳርቱ ጥፍሮች ደም በደም ሆነው ነበር።

ዳርቱ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ናት። ቢሮዋ ጉርድ ሾላ ነው። ሲግናል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ቅዳሜና እሁድን ግን ከእኛ ጋር ነበር የምታሳልፈው። ከቀብር መልስ አባቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያወልቅ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ ያ ውሃ የመጣው ከእኛ ዛፍ ሥር ነው» አለችው።

«ውሃ የሚመጣው ከሰማይ ነው» አላት።

«ከሰማይ ሲመጣ የሚይዘው ቢያገኝ እዚያው ይቀር ነበር። ሣር ቢኖር፣ ወይራና ጥድ ቢኖር፣ ልጅቷ አትሞትም ነበር።»

ዱሬሳ አንዱን ጫማ አውልቆ ሌላውን ሳያወልቅ እዚያው እንደተቀመጠ መሸ።

ከቤታችን ሥር፣ ሸለቆው ውስጥ፣ ድሮ ምንጭ ነበር። እኔ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ውሃ የምንቀዳው ከዚያ ነበር። ዛፉ እያደገ ሲሄድ ምንጩ እየቀጠነ ሄደና አንድ በጋ ላይ ጭራሹን ቀረ። ማንም ዛፉን አልጠረጠረም። «ኃጢአታችን ነው» አሉን የነፍስ አባታችን መምሬ ወልደ ሐዋርያት፤ እኛም ኃጢአት ስለማናጣ ተቀበልን። ዳርቱ ግን ዛፉ ቢነሣ ምንጩ ይመለሳል ትል ነበር። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ብዬ ስቄ አለፍኩት።

ብዙም ሳይቆይ ፕሮጀክት መጣ። በአቀበቱ ላይ ያለው ባሕር ዛፍ ተነሥቶ አገር በቀል ዛፍ ይተከላል፣ እርከን ይሠራል ተባለ። ጥናቱን ከሠሩት አንዷ ዳርቱ ነበረች፤ ቦታውን ታውቀዋለች ብለው ለእሷ ሰጧት። ሕዝቡን ሰብስባ ያስረዳችው እዚሁ በዕድራችን ቤት ነው። ወንበሩን የደረደርኩት እኔ ነኝ። ልጄ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት ቆማ ስትናገር ሳያት በኩራት ላብድ ምንም አልቀረኝ፤ የምትለውን ነገር መስማት የጀመርኩት ቆይቼ ነው።

«ኮስት ቤኔፊት አናሊሲስ ሠርተናል» አለች። «ጥቅሙንና ጉዳቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን አይተናል ማለት ነው። ጎርፉ ይቀንሳል። ምንጩ ይመለሳል። ሸለቆው ዳር ያሉ ሰዎች ክረምት በመጣ ቁጥር ቆመው አያድሩም። ጉዳቱ ደግሞ፣ ከዛፉ የሚተዳደሩ ጥቂት ቤተሰቦች ገቢያቸውን ያጣሉ።»

ኤጀታ ተነሣ። ኤጀታ የዱሬሳ ባልንጀራ ነው፤ አብረው ያረሱ፣ አብረው መሬት የተወሰደባቸው፣ አብረው ባሕር ዛፍ የተከሉ ሰዎች ናቸው።

«ዳርቱ» አላት፣ «እኔ አንቺን አዝዬ አውቃለሁ። እስቲ ንገሪኝ። እኔ ያለሁት የት ነው? ከጥቅሙ ነኝ ወይስ ከጉዳቱ?»

ሌላ ባለሙያ ቢሆን ያድበሰብሰው ነበር። ልጄ ማድበስበስ አታውቅም፤ ይህን ከእኔ ነው የወረሰችው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«ከጉዳቱ ነዎት፣ ጋሼ» አለችው። «አባዬም ከጉዳቱ ነው።»

ኤጀታ «እውነቱን ስለነገርሽኝ ተባረኪ» ብሎ ተቀመጠ። ዱሬሳ ግን ተነሥቶ ወጣ። በሰዎቹ መካከል ሲያልፍ ዱላው ወንበሩን ሁሉ እያንኳኳ ሄደ።

ለባለ ዛፎቹ የተሰጠው ጊዜ እስከ ግንቦት መጨረሻ ነበር። እስከዚያ ድረስ ራሳቸው ቆርጠው መሸጥ ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ ቆሞ የተገኘውን ተቋራጩ ያነሣዋል፣ እንጨቱም የእሱ ይሆናል። መምሬ ወልደ ሐዋርያት የዕድራችንም ዳኛ ናቸውና «አቤት እንበል» አሉ። «ግን ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። እምቢ ያሉን እንደሆነ እንጨቱ እንዳያመልጠን ነጋዴም እናነጋግር።» ኤጀታ ነጋዴ ፍለጋ ወረደ፤ አገኘም። ሰውየው መጥቶ ዛፉን በእጁ እየዳበሰ አየው፣ ዋጋም ተነጋገሩ።

ዱሬሳ ከዳርቱ ጋር መነጋገር አቆመ። ቅዳሜ እሷ ስትመጣ እሱ ወደ ዛፎቹ ይወጣል። ራት ለብቻው ይበላል። «ልጅህ ናት እኮ» ስለው «የእኔ ልጅ ጭቃ ውስጥ ገብታ የሰው ልጅ ያወጣችው ናት፤ ያቺን ቆማ የተናገረችውን አላውቃትም» አለኝ። ሁለቱም አንድ መሆናቸውን ላስረዳው አልቻልኩም። ዳርቱም ከሳች። ምግብ ስታነሣ እጇ መንገድ ላይ ይቀራል።

በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል። በሽማግሌዎችና በተበደለው ሰው ፊት ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል። ድንጋይ የተሸከመ ሰው ምክንያት አይደረድርም፤ «ይቅር በለኝ» ብቻ ነው የሚለው። የተበደለው ይቅር ካለ ያ ነገር ሞቶ ተቀበረ ማለት ነው። ይቅር የተባለ ነገር አይነሣም። ዳግመኛ ያነሣው ሰው በዳዩ እሱ ይሆናል። ይህን ለዳርቱ በልጅነቷ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው የዕድር እሁድ፣ ወንዶቹ ተሰብስበው ተቀምጠው ሳለ፣ ልጄ ጫማዋን አውልቃ በበሩ ገባች። ማጅራቷ ላይ ድንጋይ አለ። ከሸለቆው ነው ያነሣችው፤ ደግሞ ቀላሉን አልመረጠችም፤ አንገቷ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቷ እግር ሥር ሄዳ ጎንበስ አለች።

«አባዬ፣ ይቅር በለኝ።»

ዱሬሳ ከወንበሩ ሲነሣ ዱላው ወደቀ። «አውርጂ!» አለ። «አውርጂ፣ ኢንተላ ኮ!» በኦሮምኛ ልጄ ማለቱ ነው፤ እንዲህ የሚላት ልቡ ሲሸነፍ ነው። ድንጋዩን ራሱ ከማጅራቷ ላይ አነሣውና ጣለው። «ይቅር ብያለሁ። ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ!» ከደጅ የነበርን ሴቶች እልል አልን። ኤጀታ ግንባሯን ሳማት። መምሬ መስቀላቸውን አወጡ። ዱሬሳ ልጁን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ በዚያው ቀን በግ አረደ።

ማንም ምንም አልጠየቃትም። ምን ይጠየቃል? ጥናቱን የሠራችው እሷ ናት፤ ይቅርታ የለመነችውም እሷ ናት። ጥፋቷን ካመነች ነገሩን ተወችው ማለት ነው። እንዲህ ነው ሁላችንም የገባን። መምሬ አቤቱታውን አስቀሩት። «ድንጋይ የተሸከመችን ልጅ በየቢሮው መክሰስ ነውር ነው» አሉ። ኤጀታም ለነጋዴው «ዘንድሮ አንሸጥም፤ ትንሽ ይጠንክርልንና ትመጣለህ» ብሎ መለሰው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። እኛም ያን ወር ስንስቅ ከረምን። ዱሬሳ ዛፎቹን እየዞረ ሲያይ ያፏጭ ነበር።

ዳርቱን ለሥልጠና ሐዋሳ ላኳት። ሁልጊዜ እሁድ ትደውላለች። «አባዬ እንዴት ነው?» ትለኛለች። «ደህና ነው፣ ያፏጫል» እላታለሁ። «እፎይ» ትላለች። ስለ ዛፉ እኔ አላነሣሁም፤ እሷም አላነሣችም። ይቅር የተባለ ነገር ማን ያነሣል? ኋላ እንደነገረችኝ፣ አባቷ ይቅር ያላት ሊመጣ ያለውን ተቀብሎ እንደሆነ ነበር የገባት። እንጨቱን ቆርጠው ሸጠው ጨርሰዋል ብላ፣ ስለ እሱ ብትጠይቅ ቁስል መንካት መስሏት፣ ዝም አለች። ስልኩን ጆሯችን ላይ ይዘን እናትና ልጅ ስለ ቲማቲም ዋጋ እናወራለን።

ሰኔ በገባ በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሞተር መጋዝ ድምፅ ሰማን። አይሱዙዎች ከሥር ተደርድረው ቆመዋል። ኤጀታ ነጠላ ጫማ እንዳደረገ ወደ ላይ ሮጠ፤ እኛም ተከተልነው።

«ተሳስታችኋል፣ ልጆቼ!» እያለ ይጮኻል። «ይሄ ነገር አልቋል! ልጅቷ ድንጋይ ተሸክማለች!»

የሥራ መሪው ወጣት ነው፤ ባለጌም አልነበረም። ጆሮው ላይ ያደረገውን መከላከያ አውልቆ ሰማው። «የምን ድንጋይ፣ አባባ?» አለው። «እኛ የመጣነው ለዛፉ ነው። ድንጋይ የሚያነሣ ሌላ መኪና ነው።»

ኤጀታ እንደገና ሊያስረዳው ሞከረ። ከየት ይጀምርለት? የመጀመሪያው ዛፍ ሲወድቅ መሬቱ ከእግራችን በታች ራደ፤ ሁለተኛው ወደቀ፤ ከዚያ በኋላ የትኛው ከየትኛው እንደሚለይ አላውቅም። እንጨቱ በእኛው ደጅ፣ በእኛው መንገድ፣ መኪና ላይ ተጭኖ ወረደ። አንድ ማገዶ እንኳ አላስቀሩልንም።

ዳርቱ በማግስቱ ደረሰች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ወደ አቀበቱ ወጣች፤ ግማሹ ተራራ ራቁቱን ቆሟል። ኤጀታና መምሬ ከዱሬሳ ጋር ጉቶ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ለምን አልቆረጣችሁም?» አለች። «ጊዜ ነበራችሁ እኮ! እንጨቱን እንኳ ለምን አላነሣችሁም?»

«አንቺ ይቅርታ ጠየቅሽ!» አላት ኤጀታ። «ድንጋይ ተሸክመሽ ይቅርታ ጠየቅሽ!»

«ለዚህ ነበር የተሸከምኩት!» ብላ ጮኸች። «ለማደርገው ነገር ነበር! አባዬ ሳይታረቀኝ ላደርገው አቅም ስላጣሁ ነበር!»

«ልጄ፣ ሰው ገና ላልሠራው ኃጢአት አይናዘዝም» አሏት መምሬ።

ዳርቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ኤጀታ ወደ ዱሬሳ ዞረ። «ይቅርታህን አንሣ!» አለው። «መምሬ እዚህ አሉ፤ እኔም ምስክር ነኝ። ተታለህ ነው ያልከው። አንሣው!»

«ይቅር ብያለሁ» አለ ዱሬሳ። «ያለኝ አፍ አንድ ነው።» ከዚያ ተነሥቶ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ተቀበላትና ወደ ቤት ይዞላት ወረደ።

ያን ሌሊት ልጄን ጠላኋት። የወለዳትን ማኅፀኔን ረገምኩ። አንዳንዴ አሁንም ያቃጥለኛል፤ እዚህ አድጋ፣ የእኛን ወግ ጠጥታ፣ ሰዎች ድንጋዩን ሲያዩ ምን እንደሚገባቸው አታውቅም ነበር? ጠይቄያታለሁ። «ማሰብ አልፈለግኩም» አለችኝ። ይህችን መልስ ብዙ ጊዜ አገላብጬ አይቻታለሁ። እኔም ያን ጊዜ ማሰብ አልፈለግኩም ነበርና ልፈርድባት አልቻልኩም። ጠዋት ተነሥቼ ቁርስ አቀረብኩላት።

ኤጀታ ቤቱን ዘግቶ ሱሉልታ እህቱ ዘንድ ገባ። ሲሄድ እኔንና ዱሬሳን ተሰናበተ፤ ለዳርቱ የላከላት ሰላምታ አልነበረም። ዱሬሳ ሥራ ፍለጋ ወሰን ወረደ፤ ድሮ ጤፍ ያጭድበት የነበረ ሜዳ ላይ ባሉት ጋራዦች ዘበኝነት እየጠየቀ ዞረ። «አባት፣ እርስዎ ቢያርፉ አይሻልም?» እያሉ በአክብሮት መለሱት። ሰው ሲያከብርህ ሥራ እንደማይሰጥህ ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ የምንበላው የዳርቱን ደመወዝ ሆነ። የሲግናሉን ክፍል ለቃ ከሁለት ሴቶች ጋር ተዳብላ ገባች፤ የተረፋትን ለእኛ ታመጣለች።

ጉቶው ዳግመኛ እንዳያቆጠቁጥ ከነሥሩ ተነቀለ፤ ከዚያ አቀበቱ ላይ ሰዎች በአውቶቡስ መጥተው ወይራ፣ ጥድና ኮሶ ተከሉ። እርከኑም ተሠራ፤ ደህና አድርገው ነው የሠሩት፣ በሐሰት አልመሰክርም። ከተከሉት ብዙው ደረቀ፤ የቀረው ያዘ። አንድ ጠዋት ዱሬሳ እዚያ ተንበርክኮ፣ ከብት የረገጣትን የወይራ ችግኝ በእንጨት ደግፎ ሲያስር አገኘሁት። ደሜ ፈላ። «አንተ ሰው! በራስህ መቃብር ላይ አበባ ትተክላለህ?» አልኩት። «እሷ ምን አጠፋች?» አለኝ፤ ችግኟን ማለቱ ነው። ገበሬ ነው፤ የጎበጠ ተክል አይቶ ማለፍ አይሆንለትም።

የዚያን ክረምት ዝናቡ ከባድ ነበር፤ ሸለቆው ግን ማንንም አልወሰደም። አሳየች ማታ ማታ ደጃፏ ላይ ቆማ ውሃውን ታዳምጥ ነበር። ጎርፉ አልመጣባትም። በሁለተኛው ክረምት ማግስት፣ ጥቅምት ላይ፣ ምንጩ ፈለቀ። መጀመሪያ መሬቱ ረጠበ፤ ከዚያ በጣት ልክ ወረደ፤ ከዚያ ጀሪካን የሚሞላ ሆነ። ቀምሼዋለሁ፤ በሙሽርነቴ የማውቀው ውሃ ነው። ዳርቱ ያለችው ሁሉ ደረሰ። የተሳሳተችው አንድም ነገር የለም። ብትሳሳት ኖሮ ቢያንስ የምቆጣው ሰው አገኝ ነበር። አሁን ግን የሞተችውን ሕፃን ሳስብ ልጄ ልክ ናት፤ ዱሬሳ ደጅ ተቀምጦ ባዶ እጁን ሲያይ ሳየው ልጄ ልክ አይደለችም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚመዝን ሚዛን ካለ በእኔ ቤት የለም።

ምንጩ ሲመለስ ሊያዩት ትልልቅ ሰዎች መጡ፤ ፎቶ አነሡት። ከዚያ ሌላ ጥናት ተጠና። ምንጩ እንዳይበከል፣ ዙሪያው ያለው መኖሪያ ሁሉ ይነሣል ተባለ። የእኛ ቤት ከምንጩ በላይ ነው፤ የአሳየችም ከጎኑ። ኮንዶሚኒየም ይሰጣችኋል አሉን፤ በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ስሙን ሰምቼ የማላውቀው ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ። አሳየች ስትሰማ ሳቀች። «እኔን ከጎርፍ ለማዳን አልነበር ይሄ ሁሉ?» አለችኝ። ምን ልበላት? አብሬያት ሳቅሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

ዳርቱ ሐሙስ ማታ መጣች። በሥራ ቀን መጥታ አታውቅም። ጃኬቷን ሳታወልቅ ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ሰኞ የሚፈርሱት ቤቶች ላይ ምልክት ይደረጋል» አለች። «ቡድኑን የምትመሪው አንቺ ነሽ ብለውኛል። እምቢ ብያለሁ። ነገ መልቀቂያ አስገባለሁ።»

ዱሬሳ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እኔን ጠብቆ ነበር መሰለኝ። ቤት ውስጥ የተቀመጠውን ዱቄት አሰብኩ፤ የዱሬሳን የደም ግፊት ክኒን አሰብኩ። «እሰይ ልጄ፣ የአባትሽን ቤትስ አትንኪ» ብላት ምንኛ ደስ ባለኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ብትለቂ ምን እንበላለን?» አልኳት።

ዳርቱ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። አፈርኩ፤ ግን ያልኩትን አልመለስኩትም። «አንቺ ብትለቂ ሌላ ሰው ይመጣል» አልኳት። «ቤቱ ያው ይፈርሳል። በላዩ ላይ ደግሞ እንራባለን። እንግዲህ ይሄ አንቺ የምትይው ጥቅምና ጉዳት ከሆነ፣ እኔም አስልቼዋለሁ። አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ።»

«እማዬ፣ በዚህ እጄ?»

«በዚያው እጅሽ።»

ዱሬሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «የምትሠሪ ከሆነ ከእኛ ቤት ጀምሪ» አላት። «ለአባቷ አዳላች እንዳይሉሽ። አሳየች ቀድማ የራሷ ሲቀባ ካየች መጥፎ ነው።» ይህን ያለው መንገድ እንደሚያሳይ ሰው በቀዘቀዘ ድምፅ ነው። ቁጣ ቢኖርበት እወድ ነበር። ቁጣ ያለው ሰው ገና አንድ ነገር ይፈልጋል።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ወጣቶች አስከትላ መጣች። አንዱ ቀይ ቀለም በጣሳ ይዟል። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ቆሟል፤ መምሬም ነበሩ። ዳርቱ ብሩሹን ከልጁ ተቀበለችና እኛ በር ላይ ቆመች። ዱሬሳ ከአጠገቧ መጥቶ ቆመ። ቀለሙን አሳረፈችው፤ በሩ ግን አሮጌ ቆርቆሮ ነው፣ አቧራ ጠጥቷል፤ ቀለሙ አልይዝ ብሎ ወደ ታች ይወርድ ጀመር። ደግማ ሞከረች፤ እንደገና ወረደ። ሰው ሁሉ ያያታል።

ገባሁና ጨርቅ አርጥቤ ወጣሁ። ከላይ እስከ ታች በሩን ወለወልኩላት፤ በቀሚሴ ጫፍ አደረቅኩት፤ ከዚያ ዞር አልኩላት።